የበረሃ ጽጌረዳ በአዲስ አበባ በረንዳ ላይ

የበረሃ ጽጌረዳ የሚባለውን ባለ ወፍራም ግንድ የቆላ ተክል የገዙ ወዳጆቼ የሚደውሉልኝ ብዙውን ጊዜ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ነው። "ቅጠሉ ቢጫ ሆነ፣ ግንዱም ለሰለሰ፤ ውሃ ልጨምርለት?" ይሉኛል። ኧረ እንዳትጨምሩ! ይህን ተክል አዲስ አበባ ላይ ጥማት አይገድለውም። የሚገድለው ብርድና እርጥበት ተጋግዘው ሲመጡበት ነው። ይህቺን ከያዛችሁ ሌላው ሁሉ ይለመዳል። የዛሬው ጽሑፌ ስለ አበባ ቢሆንም አብዛኛው ወሬ ስለ ውሃ የሆነው ለዚህ ነው።

ያደግኩት ድሬዳዋ ነው። አሁን የምኖረው አዲስ አበባ፣ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ድሬ አክስቴ ግቢ ያለው የበረሃ ጽጌረዳ ሰው ዞር ብሎ ሳያየው ያብባል። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ነች። አዲስ አበባ ደግሞ 2,300 ሜትር አልፋ ነው የተቀመጠችው። እዚያ ሌሊቱም ይሞቃል፤ እዚህ ኅዳር ላይ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ስለዚህ "ቆላ ላይ እንዲሁ ይበቅል የለ?" ብላችሁ አትተዉት። እዚህ ባለቤት ይፈልጋል።

ሳይንሳዊ ስሙ አዴኒየም ኦቤሰም ነው። አገሩ ሰፊ ነው። ከሴኔጋል ተነስቶ በሳህል በኩል ሱዳን ይደርሳል፤ ከዚያ ኢትዮጵያ፣ ሶማሊያ፣ ኬንያና ታንዛኒያ፤ ባሕሩን ተሻግሮ ደግሞ የመን፣ ሳዑዲና ኦማን። እኛ ጋ በምሥራቅና በደቡብ ቆላዎች፣ በግራርና በከርቤ ቁጥቋጦ መሀል ይበቅላል። ቅጠሉ ሁሉ ረግፎ፣ ምድሩ ደርቆ ሳለ ሮዝ አበባ ተሸክሞ ታዩታላችሁ። ከአውሮፓ ተመራማሪዎች መጀመሪያ የመዘገበው ፒተር ፎርስኮል ነው። ፎርስኮል ከባልደረቦቹ ጋር ወደ ዓረብ ምድር ተጉዞ ተክሎችን ሲሰበስብ ቆይቶ በፈረንጆቹ 1763 የመን ውስጥ በወባ ሞተ። ማስታወሻዎቹን ያሳተመለት ከጉዞው በሕይወት የተመለሰው ባልደረባው ካርስተን ኒቡር ነው፤ በ1775። ይህን ታሪክ ካወቅሁ ወዲህ ተክሉን ሳይ ሰውየው ትዝ ይለኛል።

የተክሉ ጉልበት ያለው ከግንዱ በታች ባበጠው ክፍል ነው። ውሃውን የሚያጠራቅመው እዚያ ነው። አገሩ ላይ ዝናብ ሲመጣ በኃይል ይመጣል፤ ከዚያ ለወራት ይጠፋል። ተክሉ የተሠራው ለዚህ ነው። ጠጥቶ ይጠግባል፣ ከዚያ ይጾማል። በየቀኑ ጠብ ጠብ የሚደረግ ውሃ አያውቅም።

ስትገዙ ታችኛውን እዩ

አበባውን አይታችሁ አትግዙ። ጎንበስ በሉና ግንዱ አፈሩን የሚነካበትን ቦታ ተመልከቱ። ከዘር የበቀለ ከሆነ ታችኛው ክፍል ወፈር ብሎ ወደ ላይ ይቀጥናል። ከቅርንጫፍ ተቆርጦ የተተከለ ከሆነ ግን ከላይ እስከ ታች እኩል ቀጥ ያለ ነው። ይኼኛውም ያብባል። ግን ያ የሚያምረው ወፍራም ሥር ብዙ ጊዜ አይወጣለትም፤ ውሃ የመያዝ አቅሙም ያንሳል። እኔ ሁልጊዜ ከዘር የበቀለውን እመርጣለሁ፤ ትንሽም ቢሆን።

ከዚያ በጣታችሁ ጫን አድርጉት። ድንች ሲነካ እንደሚጠነክረው ጥንክር ካለ ጥሩ ነው። አንድ ቦታ ላይ ብቻ የሚሰምጥ ከሆነ ተዉት፤ ሻጩ ዋጋ ቢቀንስላችሁም ተዉት።

ድርብርብ የአበባ ቅጠል ያላቸው፣ ነጭ፣ ጥቁር ቀይ፣ ባለ መስመር አበቦችም አሉ። ብዙዎቹ ታይላንድና ታይዋን ውስጥ የተዳቀሉ ናቸው፤ ለማባዛትም ቅርንጫፋቸው ተቆርጦ ከዘር በበቀለ ሌላ ግንድ ላይ ይቀጠላል። ቆንጆ ናቸው። ለጀማሪ ግን የኛን የቆላውን ሮዝ የሚያክል የለም።

አንድ ነገር ልለምናችሁ። ከጫካ የተነቀለ እንዳትገዙ፣ ራሳችሁም እንዳትነቅሉ። ቆላ ላይ ትልቁ ተክል እዚያ መጠን ለመድረስ ረጅም ዘመን ፈጅቶበታል። ሲነቀል ሥሩ ይቆረጣል፤ በቁስሉ በኩል ውሃ ይገባል፤ ደጋ መጥቶ ክረምት ሲመጣበት ይበሰብሳል። እዚያም ጠፋ፣ እዚህም ሞተ። ዘሩ በቀላሉ ይበቅል የለ? ስለ እሱ ወደ በኋላ እነግራችኋለሁ።

አፈርና መትከያ

የአዲስ አበባ መረሬ አፈር ለዚህ ተክል መርዝ ነው። ውሃ ይዞ አይለቅም። ከችግኝ ጣቢያ የምትገዙት ጥቁር አፈርም ብቻውን አይሆንም።

እኔ የምጠቀመው ፑሚስ ነው፤ ያ ብሎኬት የሚሠራበት ቀላል፣ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ነጭ ድንጋይ። ብሎኬት ማምረቻ ሄዳችሁ ግማሽ ጆንያ ብትጠይቁ ለዓመታት ይበቃችኋል። እሱ ከጠፋ ሬድ አሽ የሚባለው ቀይ ጠጠርም ይሆናል። በወንፊት ንፉትና አቧራውን አጥባችሁ አስወግዱ። አቧራው ከቀረ ታች ወርዶ ጭቃ ይሆናል። መጠኑ ከምስር የሚተልቅ፣ ከሽንብራ የማይበልጥ ይሁን። ሁለት እጅ ፑሚስ፣ አንድ እጅ ሻካራ አሸዋ፣ አንድ እጅ በደንብ የበሰበሰ ኮምፖስት። ቀላቅላችሁ ውሃ አፍስሱበት። ውሃው ላዩ ላይ ሳይቆም ወዲያው በታች መውጣት አለበት። ከቆመ ፑሚስ ጨምሩ።

መትከያው ሰፊና ጥልቀቱ አነስ ያለ ቢሆን ይመረጣል። ሸክላ ቶሎ ስለሚደርቅ ለአዲስ አበባ ከፕላስቲክ ይሻላል። ሸክላ ከሌላችሁ አምስት ሊትር የዘይት ጄሪካን አጋድማችሁ ቁረጡና ታችውን በጋለ ሚስማር ደህና አድርጋችሁ ብሱት። ቀዳዳ የሌለው ጌጠኛ ዕቃ ግን ምንም ቢያምር አይሆንም። ከሥሩ ውሃ የሚያጠራቅመውን ሳህንም አንሱት።

ፀሐይ

ቢያንስ ስድስት ሰዓት ቀጥተኛ ፀሐይ ይፈልጋል። ሳሎን ጥግ ላይ ቢቀመጥ አይሞት ይሆናል፤ ግን ይቀጥናል፣ ይረዝማል፣ አያብብም።

ፎቅ ላይ ለምትኖሩ አንድ ጠቃሚ ነገር ልንገራችሁ። አዲስ አበባ ላይ ከነሐሴ መጨረሻ እስከ ሚያዝያ መጀመሪያ ድረስ የቀትር ፀሐይ ወደ ደቡብ ታዘነብላለች። በዚህ ጊዜ ወደ ደቡብ የሚያይ በረንዳ ፀሐይ ይጠግባል፤ ወደ ሰሜን የሚያየው ጥላ ነው። ከሚያዝያ አጋማሽ በኋላ ነገሩ ይገለበጣል። ስለዚህ መትከያው ከባድ አይሁን፤ እንደ ወቅቱ የምታዟዙሩት ይሁን። የኔ በረንዳ ወደ ምሥራቅ ስለሚያይ የጠዋቱን አገኛለሁ፤ ከሰዓቱን ደግሞ ተክሎቹን መኝታ ቤት መስኮት ላይ አወጣለሁ። ልፋት ነው፤ ግን አበባውን ያመጣው እሱ ነው።

ውሃ

እዚህ ጋ ረጋ ብላችሁ አንብቡልኝ።

"በሳምንት ስንት ጊዜ?" ብላችሁ አትጠይቁ። ይህ ተክል የሳምንት ፕሮግራም የለውም። አክስቴ "ልጄ፣ ሳትጠይቅሽ አትስጫት" ትላለች። የሚጠይቅበት መንገድ አለው። ቀጭን ደረቅ እንጨት እስከ መትከያው ታች ስደዱ። ቆይታችሁ አውጡት። አፈር ከተጣበቀበት ወይም ጉንጫችሁ ላይ ስታስነኩት ከቀዘቀዘ፣ ጠብቁ። ደርቆ ከወጣ ግንዱን ንኩ። ጥንካሬው ትንሽ ከቀነሰ አጠጡ። ስታጠጡ በደንብ አጠጡ፤ በታች እስኪፈስ። ከዚያ እስኪደርቅ እርሱት።

ዋናው ግን ወቅቱ ነው። አዲስ አበባ ላይ የኔ ዓመት እንዲህ ይሄዳል።

ከየካቲት እስከ ግንቦት የተክሉ ጊዜ ነው። ቀኑ ይሞቃል፣ አዲስ ቅጠል ይወጣል፣ እምቡጥ ይይዛል። በዚህ ጊዜ አትሰስቱ፤ አፈሩ በደረቀ ቁጥር ስጡት። ማዳበሪያም ካላችሁ አሁን ነው፤ ያውም ከታዘዘው ግማሹን ብቻ አቅጥናችሁ። ዩሪያ አታድርጉበት። በውስጡ ያለው ናይትሮጅን ሲበዛበት ቅጠልና ረጅም ቅርንጫፍ ያወጣል እንጂ አበባ አይሰጣችሁም። የበልግ ዝናብ ቢመታው አይጎዳም፤ ፀሐይዋ ተመልሳ ታደርቀዋለች።

ሰኔ ሲገባ ከጣሪያ በታች አስገቡት። ይህ ለድርድር አይቀርብም። የክረምት ዝናብ ሳምንቱን ሙሉ ሲዘንብ አፈሩ የሚደርቅበት ፋታ የለም። ብርሃን ያለው፣ ነፋስ የሚያገኝ፣ ዝናብ የማይመታው ቦታ ይሁን። ውሃውን እየቀነሳችሁ ሂዱ። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ቅጠል የያዘውን ትልቁን ተክል በጣም ሲደርቅ ብቻ ጥቂት እሰጠዋለሁ። ቅጠሉን የጣለውን ጭራሽ አልነካውም።

መስከረም ላይ ፀሐይ ስትወጣ ሰው ሁሉ ደስ ብሎት ማጠጣት ይጀምራል። ትንሽ መስጠት ይቻላል። ግን ከጥቅምት ጀምሮ ሌሊቱ እየቀዘቀዘ ይሄዳል፤ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ የሌሊቱ ሙቀት ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል። ተክሉ ከዚህ በታች አይመቸውም፤ ውርጭ ከነካው ደግሞ ጫፉ ጠቁሮ ይሞታል። ብርዱ ሲመጣ ተክሉ ቅጠሉን ማርገፍ ይጀምራል። ይህ በሽታ አይደለም። መተኛቱ ነው። ብዙ ሰው ተክሉን የሚገድለው በዚህ ሰዓት ነው። ቅጠል ሲረግፍ "ተጠማ" ብሎ ያጠጣል። ቅጠል የሌለው ተክል ውሃውን የሚያወጣበት የለውም፤ ሥሩ ቀዝቃዛ ጭቃ ውስጥ ይቀመጣል፤ ከዚያ ይበሰብሳል። ስለዚህ ከኅዳር እስከ ጥር ውሃ አቁሙ። ማታ ማታ ቤት አስገቡት። ደርቆ የተቀመጠ ተክል ብርዱን ከረጠበው በጣም በተሻለ ይችላል። ግንዱ ትንሽ ቢሸበሸብ አትደንግጡ፤ የካቲት ላይ መልሶ ይነፋል።

ድሬዳዋ፣ አዋሽ፣ አርባ ምንጭ፣ ጋምቤላ ለምትኖሩ ይህ ሁሉ ጭንቀት የለም። እናንተ ከውሃ መብዛትና ከፍየል ብቻ ጠብቁት።

ጥማት ነው ወይስ መበስበስ?

ሁለቱም ግንዱን ያለሰልሳሉ። ለዚህ ነው ሰው የሚምታታበት። ግንዱን በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ያዙና ዙሪያውን ቀስ እያላችሁ ጫን ጫን አድርጉት። ሁሉም ጋ እኩል ከለሰለሰ፣ ቆዳው ከተሸበሸበ፣ አፈሩም ደረቅ ከሆነ ጥማት ነው። አጠጡት፤ ሙቀት ካለ በጥቂት ቀናት ይጠነክራል። አንድ ወገን ብቻ ከሰመጠ፣ ቆዳው ጠቆር ካለ፣ ሲጫኑት ፈሳሽ ካወጣ ወይም ከሸተተ መበስበስ ነው። አፈሩም ብዙውን ጊዜ እርጥብ ሆኖ ታገኙታላችሁ።

ከበሰበሰ ዛሬውኑ ንቀሉት። ነገ አትበሉ። አፈሩን አራግፉ፣ ጓንት አድርጉ፣ ስለታም ቢላ በአልኮል ጥረጉ። የቡኒውን ክፍል ቁረጡ። የተቆረጠውን ፊት እዩት። ጤነኛው ሥጋ ነጣ ያለ ክሬም ነው፤ ምንም ነጥብ የለበትም። ቡኒ ነጥብ ወይም ክብ መስመር ካያችሁ ቢላውን እንደገና ጠርጋችሁ ጨምራችሁ ቁረጡ። ነጥቧ ትንሽ ናት ብላችሁ አትለፏት፤ መልሳ ትሰፋለች። ንጹሕ እስኪሆን ድረስ ግንዱ ግማሽ ቢቀርም ይቅር። ከዚያ የከሰል ዱቄት ወይም የተፈጨ ቀረፋ ነስንሱበት። ጥላ፣ ደረቅና ነፋስ ያለበት ቦታ ላይ ጋዜጣ አንጥፋችሁ አስቀምጡት። ቁስሉ ጠንካራ ቅርፊት እስኪያወጣ ከአንድ ሳምንት በላይ ይፈጃል፤ ክረምት ከሆነ ከዚያም በላይ። ከደረቀ በኋላ በደረቅ ፑሚስ ላይ ትከሉት፤ ሌላ ሳምንት ውሃ አታሳዩት። እንዲህ የዳኑ ተክሎች በረንዳዬ ላይ አሉ። ቅርጻቸው ጎባጣ ነው፤ አበባቸው ግን እንደሌላው ነው።

ፈሳሹ መርዝ ነው

ሲቆረጥ የሚወጣው ፈሳሽ ልብ ላይ የሚሠራ መርዝ አለው። አፍሪካ ውስጥ አዳኞች ለቀስት መርዝ ሲያዘጋጁት ኖረዋል። ስለዚህ ሕፃናት የሚድሁበት ወለል ላይ አታስቀምጡት። ድመትና ውሻም አይቀምሱት። ስትቆርጡ ጓንት ይኑር፤ ዓይናችሁን አትንኩ፤ ሲያልቅ እጅም ቢላም በሳሙና ይታጠብ፤ ያ ቢላ ወደ ወጥ ቤት አይመለስ። በተረፈ መንካቱ ብቻ አይጎዳችሁም፤ ተከባብሮ መኖር ይቻላል።

መግረዝና ማዛወር

የሚገረዘው የካቲት ላይ፣ ሊነቃ ሲል ነው። እምቡጥ የሚወጣው በአዲስ ቅርንጫፍ ጫፍ ላይ ስለሆነ፣ ብዙ ጫፍ ማለት ብዙ አበባ ማለት ነው። ቀጥ ብሎ የወጣውን ረጅሙን ግንድ ስትቆርጡት ከቁርጡ በታች ሁለት ሦስት አዲስ ቅርንጫፍ ይወጣል። አንጀታችሁ እንቢ ቢልም ቁረጡ።

መትከያ የምትቀይሩትም ያኔ ነው፤ በሁለት ዓመት አንዴ ይበቃል። ስትተክሉ ከድሮው 2 ወይም 3 ሴንቲ ሜትር ከፍ አድርጉት፤ ወፍራሙ ሥር ከአፈር በላይ እንዲታይ። ሰው የሚያደንቀው ያ ቅርጽ የሚመጣው በዚህ ነው። አዲስ የተገለጠው ቆዳ ፀሐይ ስላልለመደ ለሁለት ሳምንት ያህል ጥላ ይጠብቀው። የተቆረጠ ሥር ካለም እስኪደርቅ አታጠጡ።

ተባይ ብዙ አያስቸግርም። ቅጠሉ ሥር ጥጥ የመሰለ ነገር ካያችሁ በአልኮል በተነከረ ጥጥ ጥረጉት። እምቡጥ ላይ የሚሰፍሩ ቢጫ ነፍሳትና ድር የሚያደሩ ቀያይ ትንንሾች ካሉ አንድ የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና በአንድ ሊትር ውሃ በጥብጣችሁ አመሻሽ ላይ ርጩ፤ ጠዋት በንጹሕ ውሃ እጠቡት።

ከዘር ማብቀል

እኔ በጣም የምወደው ይህን ነው። ፍሬው ሁለት ቀንድ ሆኖ ተገጣጥሞ ይወጣል። ሲበስል በጎኑ ይሰነጠቃል። ውስጡ ቀጫጭን ቡኒ ዘሮች አሉ፤ በሁለቱም ጫፍ ላይ ነፋስ የሚወስዳቸው ወርቃማ ጸጉር አላቸው። ስለዚህ ፍሬው መሰንጠቅ ከመጀመሩ በፊት በክር ዙሪያውን እሰሩት ወይም ስስ ጨርቅ አልብሱት። አለዚያ አንድ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሁሉንም ለጎረቤት ያድላል።

የኔ በረንዳ ላይ በራሱ ፍሬ ሲይዝ አላየሁም። በእጅ ማዳቀል ያስፈልጋል፤ ብዙውን ጊዜም ሁለት የተለያዩ ተክሎች ይፈልጋል። አበባው ጉሮሮ ውስጥ አምስት ጸጉራም ክሮች ታያላችሁ። ከእነሱ ሥር የተዘጋ ትንሽ ሾጣጣ አለ፤ የወንዴው ዱቄት የተደበቀው እዚያ ውስጥ ነው። የአበባውን ቱቦ በጎኑ በምላጭ ሰንጥቃችሁ ግለጡት። በጣም ቀጭን የሥዕል ብሩሽ በሾጣጣው ስንጥቅ በኩል አስገብታችሁ ዱቄቱን አንሱና የሌላው ተክል አበባ ላይ በዚያው ስንጥቅ አስገቡ። እጅ ይንቀጠቀጣል፤ ትዕግሥት ነው። ከያዘ ቀንዶቹ ብቅ ይላሉ፤ እስኪበስሉም ሁለት ሦስት ወር ትጠብቃላችሁ።

ዘር ከሰው ስትቀበሉ መቼ እንደተለቀመ ጠይቁ። ትኩሱ ጥሩ ይበቅላል፤ የቆየው እያነሰ ይሄዳል። የሚዘራው መጋቢት ላይ ነው። ከላይ የነገርኳችሁን አፈር ደቀቅ አድርጋችሁ አርጥቡ፤ ዘሩን አጋድማችሁ አስተኙት፤ ግማሽ ሴንቲ ሜትር በማይሞላ አሸዋ ሸፍኑት። ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ሙቀት ይፈልጋል። ነጭ ፌስታል አልብሳችሁ ፀሐይ በሚገባበት መስኮት አጠገብ አስቀምጡት። ሙቀት ካገኘ በሳምንት ውስጥ ይወጣል። ሲወጣ ቅርብ ሆናችሁ እዩት። ሁለት ቅጠል ብቻ ይዞ እግሩ ገና ከመጀመሪያው ወፈር ያለ ነው፤ ማንም ሳያስተምረው ውሃ ማጠራቀም ጀምሯል።

እንደበቀለ ፌስታሉን አንሱ፤ አለዚያ ሻጋታ ይጨርሳቸዋል። ሕፃኑ ችግኝ እንደ ትልቁ አይጾምም፤ አፈሩ ላይ ላዩ ሲደርቅ በስሱ አጠጡት። አራት አምስት ቅጠል ሲያወጣ ለየብቻው አዛውሩት። ሰኔ ከመግባቱ በፊት ሥሩ እንዲጠነክር ነው መጋቢትን የመረጥኩት። የመጀመሪያውን ክረምት ቤት ውስጥ፣ ብርሃን ያለበት መስኮት ላይ ያሳልፍ። የመጀመሪያው አበባ በሚቀጥለው ዓመት ወይም በሁለተኛው ይመጣል፤ ደጋ ላይ ትንሽ ሊዘገይ ይችላል። የተረፋችሁን ዘር በወረቀት ጠቅልላችሁ ደረቅ ቦታ አስቀምጡ፤ የተለቀመበትን ወር ጻፉበት፤ ዓመት ሳይሞላው ለጎረቤት ስጡ።